ሦስት «ኖርማል» ወረቀቶች፦ ስኳር ከመምጣቱ በፊት ደም የሚናገረው

«ስኳር ተመርምሬ ኖርማል ነው ተብያለሁ።» ይህን በየቀኑ እሰማለሁ። የምሠራው ከከተማው ጫፍ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ ትንሽ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ሰው ይህን ሲል ፊቱ ይፈታል፤ ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል። እኔ ግን ሁሌም እጠይቃለሁ፦ ያለፈው ስንት ነበር? ብዙ ጊዜ መልስ የለም። ወረቀቱ ወይ ቤት ሲቀየር ጠፍቷል፣ ወይ ከክሊኒኩ በር ላይ ተጥሏል።

ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም በአንድ ሌሊት አይመጣም። ዓመታት ይፈጅበታል። በእነዚያ ዓመታት ደማችን ምልክት መስጠቱን አያቆምም። ምልክቱን ለማንበብ ግን አንድ ቁጥር አይበቃም። ቁጥሩ ምን እንደሚለካ፣ ደሙ እንዴት እንደተወሰደ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ካለፈው ጋር ሲተያይ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ውስጣችን የሚሆነውን እንይ። ከእንጀራው፣ ከዳቦው፣ ከፓስታው የሚገኘው ስኳር ወደ ደም ይገባል። ከደም ወደ ጡንቻ እንዲገባ የሚያደርገው ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊን የሚመረተው ቆሽት ውስጥ ነው። ወገብ ሲሰፋ፣ እንቅስቃሴ ሲቀንስ፣ ጉበት ላይ ስብ ሲከማች ሰውነት ለኢንሱሊን እንደ ድሮው አይታዘዝም። ቆሽት ታዲያ አብዝቶ ማምረት ይጀምራል። ደሞዙ አልበቃ ያለው አባወራ ትርፍ ሰዓት እየሠራ የቤቱን ወጪ እንደሚሸፍነው ማለት ነው። ልጆቹ የሚያውቁት ነገር የለም፤ ምሳው በሰዓቱ ይቀርባል። በዚህ ጊዜ ብትለኩ በባዶ ሆድ ያለው ስኳር ኖርማል ነው። ቤቱ የሚናጋው አባወራው ሲደክም ነው።

ይህንን ከዓመታት ክትትል ያሳየ ጥናት አለ። ዋይትሆል ሁለት ይባላል፤ በእንግሊዝ የመንግሥት ሠራተኞች ላይ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ውጤት ተመራማሪዎቹ ከ6,500 በላይ ሰዎችን ተከታትለው፣ ኋላ ላይ ስኳር የያዛቸውን ወደ ኋላ ተመልሰው አዩ። በእነዚህ ሰዎች ደም ውስጥ ያለው ስኳር ለብዙ ዓመታት በጣም በዝግታ ሲጨምር ቆይቷል። ሕመሙ ከመታወቁ ሦስት ዓመት ገደማ ሲቀረው ግን ድንገት ሽቅብ ወጣ። ሰውነታቸው ለኢንሱሊን መታዘዝ በፍጥነት የተወው ደግሞ ከዚያም ቀድሞ፣ አምስት ዓመት ገደማ ሲቀረው ነበር። ቆሽታቸው ለጥቂት ጊዜ ጉልበቱን ጨምሮ ከሠራ በኋላ ነው የዛለው።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር ልምጣ። አንድ የማውቃቸው አባት አሉ። ድሮ ኮዬ አካባቢ አራሽ ነበሩ፤ አሁን አንድ ኮንዶሚኒየም ብሎክ ላይ የሌሊት ጥበቃ ናቸው። ቀኑን ሙሉ በእግራቸው ይውሉ የነበሩ ሰው ዛሬ ወንበር ላይ ነው የሚያድሩት። በባሕርያቸው ወረቀት አይጥሉም። አንድ ቀን በፌስታል ጠቅልለው ሦስት ውጤት አመጡልኝ። ሦስቱም በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር ነው፤ የ2011 ዓ.ም. 88፣ የ2014ቱ 97፣ የ2017ቱ 108። የሦስቱም ወረቀት ጠርዝ ላይ «ኖርማል፦ ከ70 እስከ 110» የሚል ታትሟል።

«ልጄ፣ ሦስቴም ደህና ነዎት ነው ያሉኝ» አሉ።

«ልክ ነው አባቴ፤ ሦስቱም ከመስመሩ በታች ናቸው። ግን እየወጡ ነው» አልኳቸው።

ወረቀቶቹን ለየብቻ ያየ ባለሙያ ምንም ላይታየው ይችላል። ጎን ለጎን ሲደረደሩ ግን ሌላ ነገር ይናገራሉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄም ያስፈልጋል። የአንድ ጤነኛ ሰው ስኳር ከቀን ቀን በጥቂት ነጥብ ከፍ ዝቅ ማለቱ ያለ ነው። ከ97 ወደ 101 መሄድ ብቻውን ምንም ማለት ላይሆን ይችላል። በስድስት ዓመት ከ88 ተነስቶ 108 መድረስ ግን የሚታለፍ አይደለም።

ያ «ከ70 እስከ 110» የሚለው ጽሑፍ ደግሞ ብዙ ሰው ያዘናጋል። በባዶ ሆድ ሲለካ 126 ሚሊግራም በዴሲሊትር እና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር ሕመም ነው፤ በዚህ ላይ ሁሉም ይስማማል። ልዩነቱ ከዚያ በታች ያለው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ110 እስከ 125 ያለውን ነው «ከኖርማል ያለፈ» የሚለው። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር ግን እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ መነሻውን ወደ 100 አውርዶታል። ስለዚህ 105 ያለው ሰው አንዱ ጋ ኖርማል፣ ሌላው ጋ ቅድመ ስኳር፣ ማለትም ከኖርማል ያለፈ ግን ስኳር ሕመም ያልደረሰ ይባላል። ሰውየው ያው ሰው፣ ደሙም ያው ደም ነው። በእኔ እምነት 100ን የተሻገረ ሰው «ምንም የለብህም» ተብሎ መሸኘት የለበትም። ሐኪሙ መድኃኒት ባያዝለትም ቢያንስ ሊነገረው ይገባል።

አንዳንድ ማሽን ደግሞ በሌላ መለኪያ ያወጣል። «5.7» የሚል ውጤት ይዞ ተደናግጦ የመጣ ሰው አለ፤ ሌላው በዚያው ቁጥር ተጽናንቶ ይሄዳል። ሚሊሞል በሊትር የሚለውን በ18 ስታባዙት ወደ ለመድነው ቁጥር ይመለሳል። 5.7 ሚሊሞል 103 ገደማ ነው፤ 7.0 ደግሞ 126። ከቁጥሩ ጎን ያለውን መለኪያ ሳታዩ አትውጡ።

ባዶ ሆድ ሲባልም ልክ አለው። ቢያንስ ስምንት ሰዓት ከውኃ በቀር ምንም አለመቅመስ ነው። ማታ 2 ሰዓት ራት በልቶ ጠዋት 1 ሰዓት መምጣት ጥሩ ነው። «ቡና ብቻ ነው የጠጣሁት» ካላችሁ አልሆነም። በጾም ወቅት ደግሞ ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ «እስካሁን አልቀመስኩም» ብሎ የሚመጣ አለ። ጾሙ ይቀበልለት፤ ለምርመራው ግን ጠዋት ቢመጣ ይሻላል። በጣም የረዘመ ጾም ውጤቱን ሊያዛባው ይችላል።

ጣት ተወግቶ በትንሿ ማሽን የሚለካውስ? ለታማሚ ክትትል ትልቅ ነገር ነው። ለመወሰን ግን አይበቃም። ለእነዚህ ማሽኖች የወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት ራሱ ከትክክለኛው ውጤት እስከ 15 በመቶ ልዩነትን ይፈቅዳል። ማሽኑ 110 ካለ እውነተኛው ወደ 96ም፣ ወደ 129ም ሊጠጋ ይችላል ማለት ነው። ብርቱካን ልጦ እጁን ሳይታጠብ ጣቱን ለሰጠ ሰው ደግሞ ቁጥሩ ያለ ጥፋቱ ይሰቀላል። በሳሙና መታጠብ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ከዚያ መወጋት። ደሙ የሚነካበት ስትሪፕ የሚቀመጥበት ዕቃ ክዳኑ ተከፍቶ ከዋለም ስትሪፑን እርጥበት ያበላሸዋል።

ከከተማው ጫፍ ላለን ሰዎች ደግሞ ብዙም የማይነገር ችግር አለ። ትናንሽ ክሊኒኮች አንዳንዱን ምርመራ ራሳቸው አይሠሩም፤ ደሙን ቀድተው መሀል ከተማ ወዳለ ላብራቶሪ ይልካሉ። በቱቦው ውስጥ ያሉት የደም ሴሎች ግን አልሞቱም፤ ስኳሩን መብላት ይቀጥላሉ። ደሙ ሴንትሪፊዩጅ በሚባለው አሽከርካሪ ማሽን ከሴሎቹ ሳይለይ ከቆየ ስኳሩ በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ይቀንሳል። 110 የነበረ ሰው ደሙ ቃሊቲ መንገድ ላይ ሁለት ሰዓት ቢቆም 97 አካባቢ ሆኖ ሊነበብ ይችላል። ሰውየው «ኖርማል» ተብሎ ይሸኛል። ግራጫ ክዳን ያለው ቱቦ ይህን ለመከላከል የተሠራ ነው፤ እሱም ቢሆን የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ሰዓት ሙሉ በሙሉ አያድንም። ስለዚህ በባዶ ሆድ የሚለካውን ስኳር እዚያው በሚሠራ ቦታ ብትሰጡ ይመረጣል። «እዚሁ ነው የሚሠራው ወይስ ይላካል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

እንዲህ ያለ የመንገድ ጣጣ የማይነካው ሌላ ምርመራ አለ። ሰዉ «የሦስት ወር ስኳር» ይለዋል፤ ወረቀት ላይ ኤችቢኤዋንሲ ተብሎ ይጻፋል። የሚቀዳው ወይን ጠጅ ክዳን ባለው ቱቦ ነው፤ ፍሪጅ ውስጥ ለቀናት ቢቀመጥም አይለወጥም። ባዶ ሆድም አይጠይቅም። አሠራሩ እንዲህ ነው። በቀይ የደም ሴል ውስጥ ሄሞግሎቢን አለ። ስኳር በደም ውስጥ በበዛ ቁጥር ሄሞግሎቢኑ ላይ ይጣበቃል፤ አንዴ ከተጣበቀ ሴሉ እስኪሞት አይላቀቅም። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ገደማ ይኖራል። ስለዚህ ስንት በመቶው ሄሞግሎቢን ስኳር እንደያዘ ሲለካ ያለፉት ሁለት ሦስት ወራት አማካይ ይታያል። የውጤቱ ግማሽ ያህል የሚመጣው ግን ከመጨረሻው ወር ነው። የፋሲካ ሰሞን ጥቂት ቀን በደንብ በልታችሁ ብትመጡ ብዙም አያናውጠውም።

ከ5.7 በመቶ በታች ኖርማል ነው። ከ5.7 እስከ 6.4 ቅድመ ስኳር፣ 6.5 እና ከዚያ በላይ ስኳር ሕመም ይባላል። የጥበቃው አባት 6.2 ወጣላቸው።

ይህም ምርመራ ግን የሚሳሳትበት ቦታ አለው። ለአገራችን ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በብረት እጥረት የመጣ ደም ማነስ ያለባት ሴት ውጤቷ ያለ ስኳር ከፍ ብሎ ሊወጣ ይችላል። በተቃራኒው ቀይ የደም ሴል ቶሎ ቶሎ የሚሞትበት ሰው ውጤቱ በሐሰት ይወርዳል፤ ሴሉ ስኳር የሚሰበስብበት ዕድሜ አላገኘማ። ወባ ይዞት የሰነበተ፣ ደም የፈሰሰው፣ ደም የተሰጠው ሰው በዚህ ውስጥ ነው። ለሥራ ወደ ቆላ ወርዶ ወባ ታሞ የተመለሰ ሹፌር ቢመጣ የሦስት ወር ስኳሩን ብቻ አይቼ አላምንም። እርጉዝ ሴትና የኩላሊት ታማሚም እንዲሁ በዚህ ብቻ አይዳኙም። በአሜሪካ በሚኖሩ የአፍሪካ ስደተኞች ላይ የተሠራ ጥናትም ይህ ምርመራ ብቻውን ከቅድመ ስኳር ብዙውን እንደሚስት አሳይቷል። ሁለቱን ምርመራዎች አብሮ ማየት የሚመከረው ለዚህ ነው።

ሁለቱ ካልተስማሙ ሦስተኛ አለ። 75 ግራም ግሉኮስ በውኃ በጥብጦ መጠጣትና ከሁለት ሰዓት በኋላ መለካት። ከ140 በታች ጥሩ ነው፤ ከ140 እስከ 199 ቅድመ ስኳር፤ 200 እና በላይ ስኳር። አሰልቺ ነው። ሁለት ሰዓት ወንበር ላይ መቀመጥ ነው፤ አንዳንዱን ያቅለሸልሸዋል። ግን ቆሽት ሸክም ሲመጣበት እንዴት እንደሚሆን በቀጥታ የሚያሳይ ሌላ ቀላል ምርመራ የለም። ጠዋት ኖርማል ሆኖ ከምግብ በኋላ የሚሰቀል ሰው የሚያዘው በዚህ ነው።

ሌሎቹ ምልክቶች ስኳርን ራሱን አይለኩም፤ ጎረቤቱን ነው የሚለኩት። ቼክ አፕ ስታደርጉ የስብና የጉበት ምርመራ ይኖራል። ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ ከ150 በላይ ሲሆን፣ ጥሩው ኮሌስትሮል ማለትም ኤችዲኤል ለወንድ ከ40፣ ለሴት ከ50 በታች ሲወርድ ሰውነት ለኢንሱሊን እያመፀ እንደሆነ ይጠረጠራል። ወረቀት ላይ ኤስጂፒቲ የሚባለው የጉበት ኢንዛይም ከፍ ብሎ ሲገኝ ደግሞ መጠጥም ሆነ የጉበት ቫይረስ ከሌለ ጉበት ላይ የተከማቸ ስብ ሊሆን ይችላል። የሰባ ጉበትና ስኳር አብረው ነው የሚሄዱት። እዚህም አንድ ነገር ልብ በሉ። ከአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ኢንሱሊን ባይሠራም ትራይግሊሰራይድ ኖርማል ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ከፍ ካለ ያስጠነቅቃል፤ ኖርማል መሆኑ ግን ዋስትና አይደለም።

በትልልቅ የምርምር ማዕከላት ደግሞ ከዚህም ቀድመው የሚናገሩ ነገሮች ይፈለጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የፍራሚንግሃም ጥናት ተመራማሪዎች ስኳራቸው ገና ኖርማል በሆነ ሰዎች ደም ውስጥ አምስት አሚኖ አሲዶች (ፕሮቲን የሚሠራባቸው ንጥረ ነገሮች) ከፍ ብለው አገኙ፤ ሉሲን፣ አይሶሉሲን፣ ቫሊን፣ ታይሮሲን እና ፌኒላላኒን። እነዚህ ከፍ ያሉባቸው ሰዎች በቀጣዮቹ 12 ዓመታት በስኳር የመያዝ ዕድላቸው ይበልጥ ነበር። በጣም ደስ የሚል ግኝት ነው። ለእኛ ግን ገና የምርምር ጉዳይ ነው፤ ማንም ሐኪም በዚህ አይወስንም። በባዶ ሆድ ኢንሱሊን ማስለካትም እንዲሁ ነው። ዋጋው ውድ ነው፤ ከላብራቶሪ ላብራቶሪ ውጤቱ ይለያያል። ያንን ብር ለሦስት ወር ስኳር ብታውሉት ይሻላል ባይ ነኝ። ቁመታችሁን በክር ለክታችሁ ክሩን ለሁለት አጥፉት። የታጠፈው ክር ወገባችሁን ካልዞረው ሆድ አካባቢ ስብ ተከማችቷል ማለት ነው። ይህ ምንም አያስከፍልም።

«እኔ ቀጭን ነኝ» የሚል ሰው በዚህ አይዘናጋ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ወደ እስራኤል የሄዱ ኢትዮጵያውያን ሲደርሱ ስኳር እምብዛም አልነበረባቸውም። አኗኗራቸው ተቀይሮ ዓመታት ሲያልፉ ግን በወጣቶቹም ላይ በዛ። የኋላ ጥናቶች እንዳሳዩት የእኛ ሰዎች ከሌሎቹ የአገሪቱ ነዋሪዎች ባነሰ ክብደት ነው ስኳር የሚይዛቸው። እነሱ ባሕር ተሻግረው ያዩትን ለውጥ ከእርሻ ወደ አራተኛ ፎቅ የገባ ሰው እዚሁ ገላንና ኮዬ እያየው ነው።

ታዲያ ምልክቱ የታየበት ሰው ዕጣው ተቆርጧል? አልተቆረጠም። 16 ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ እንደሚያሳየው የሦስት ወር ስኳራቸው ከ6.0 እስከ 6.5 ከሆነ ሰዎች ውስጥ በአምስት ዓመት ስኳር የሚይዛቸው ከ25 እስከ 50 በመቶው ናቸው። ከ5.5 እስከ 6.0 ባሉት ላይ ከ9 እስከ 25 በመቶ ነው። ከፍ ያለ ቁጥር ነው፤ አልደብቅም። ግን በሌላ በኩል ቢያንስ ግማሹ በአምስት ዓመት ውስጥ አልያዘውም ማለት ነው። ከየትኛው ወገን እንደምንሆን ላይ ደግሞ የምናደርገው ነገር ለውጥ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ስኳራቸው ጫፍ ላይ የደረሰ 3,234 ሰዎችን ይዞ ነበር። ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተረዱት ሰዎች በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር ኪኒን የተሰጣቸው በ31 በመቶ። እግር ከኪኒን በለጠ። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 7 በመቶ ማለት ስድስት ኪሎ እንኳ አይሞላም። 150 ደቂቃ ደግሞ በሳምንት አምስት ቀን ከታክሲ ቀድሞ ወርዶ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ነው።

የጥበቃው አባት ሐኪሙ ጋ ቀርበው ተነጋገሩ። መድኃኒት አልተጀመረላቸውም። ሌሊት በየግማሽ ሰዓቱ ብሎኩን እየዞሩ ነው፤ በጥበቃ ቤቷ ውስጥ ያለው ፔርሙስ ሻይ ስኳሩ ቀንሷል። የሚቀጥለው ምርመራቸው በዓመቱ ነው። ለቅድመ ስኳር በዓመት አንዴ በቂ ነው፤ በየሳምንቱ ጣት መወጋት ጭንቀት ነው የሚጨምረው። ሁሉም ነገር ኖርማል የሆነለት ሰው ደግሞ ከ35 ዓመት ጀምሮ በየሦስት ዓመቱ ቢያይ ጥሩ ነው። በእርግዝና ጊዜ ስኳር ታይቶባት የነበረች እናት ግን ዕድሜ አትጠብቅ። ከወለደች ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ግሉኮሱን ጠጥታ ትለካ፣ ከዚያም በየአንድ እስከ ሦስት ዓመቱ ትመለስ። ልጁን ለክትባት ስታመጣ የራሷን ምርመራ የምትረሳ ብዙ ናት።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ስለ ሁለተኛው ዓይነት ነው። አንደኛው ዓይነት በአብዛኛው ልጆችንና ወጣቶችን ነው የሚይዘው፤ የሰውነት መከላከያ ራሱ ቆሽትን ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ለእሱም ቀድሞ የሚታይ የደም ምልክት አለ። ቆሽትን የሚያጠቁ ፀረ እንግዳ አካላት ይለካሉ፤ ሁለትና ከዚያ በላይ የተገኘበት ሕፃን ውሎ አድሮ ስኳር የመያዝ ዕድሉ በጣም ከፍተኛ ነው። እኛ ሰፈር ክሊኒኮች ይህን ለመሥራት አቅሙ የላቸውም። እዚህ ያለው ወላጅ ማየት ያለበት ልጁን ነው። ልጅ ውኃ አልጠግብ ካለ፣ ሌሊት ሌሊት ሽንት ካበዛ፣ እየበላ ከከሳ፣ ባዶ ሆድ፣ ቀጠሮ፣ የሦስት ወር ምርመራ የሚባል ነገር የለም። በዚያው ሰዓት፣ ማታም ቢሆን፣ ጤና ጣቢያ ሄዶ ጣቱ ይለካ። ማሽኑ 200 ወይም ከዚያ በላይ ካነበበ ወይም ልጁ ማስመለስና መፍዘዝ ከጀመረ ደግሞ ቀጥታ ሆስፒታል ነው። ለነገ አይባልም።